ነፍሲያን መግደል ወይስ ራስን መሆን? የድንቹና የመስታወቱ ነገር

ጥያቄው ከአንዲት እህት የመጣ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 29 ነው። ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ። ያደግኩት ወሎ፣ አያቴ ቤት ነው። አያቴ የወዳጃ ዱዓና የመንዙማ ሰው ነበሩ። ‹ነፍሲያሽን ካልገደልሽ ሰው አትሆኚም› ይሉኝ ነበር፤ ነፍሲያ የሚሉት ውስጤ ያለውን ‹እኔ› ባይ ፍላጎት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ የሥነ ልቦና ምሁራኑን ማስሎውንና ሮጀርስን ተማርኩ። እነሱ ‹ራስሽን እውን አድርጊ፣ ያለሽን አቅም አውጪ› ነው የሚሉት። ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የቡድን መሪነት ቦታ ተከፈተ። ሁሉም ተወዳደሪ አሉኝ። ይሄን የፈለገው ነፍሲያዬ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ማታ ማታ ይቆጨኛል። ስቆጭ ደግሞ በመቆጨቴ ራሴን እወቅሳለሁ። ሱፊዎች፣ የእስልምናን የውስጥ መንገድ የሚከተሉት፣ ኢንሳኑል ካሚል የሚሉት ፍጹም ሰውና የማስሎው ሰው አንድ ናቸው? ካልሆኑስ የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ወዐለይኩም ሰላም። አያትሽን አላህ ይማራቸው። ጥያቄሽን ይዤው ሁለት ቀን ዋልኩ፣ አደርኩ። ሁለቱን ትምህርቶች ለየብቻ የሚያስረዳ ሰው ሞልቷል። አንቺን ያስቸገረሽ ሁለቱ አንድ ደረት ውስጥ ገብተው መነታረካቸው ነው። ስለዚህ ከሐሳቡም ከማታው ቁጭትሽም ሳልሸሽ ልመልስልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ፍጹም» የምትለዋን ቃል እናንሳት። ግማሹን ችግር ያመጣችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ ፍጹም ስንል እንከን የሌለበት፣ የማይሳሳት፣ ያለቀለት ማለታችን ነው። «ፍጹም ሰው» ሲባል በሐሳብሽ የሚመጣው የማይቆጣ፣ ምንም የማያምረው፣ የማይቆጨው ሰው ነው። ዐረብኛው «ካሚል» ግን ከሁሉ በፊት ሙሉ ማለት ነው። ክፍሎቹ የተሟሉለት፣ ያልጎደለበት። እኛ አገር «እሱ እኮ ሙሉ ሰው ነው» ሲባል የሚሰማሽ ስሜት ለካሚል በጣም ይቀርባል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሕይወት ያናጋል። እንከን አልባ መሆን የሚፈልግ ሰው ሥራው ከራሱ ላይ መቁረጥና መጣል ብቻ ይሆናል። ሙሉ መሆን የሚፈልግ ሰው ግን የጎደለው ምን እንደሆነም ይጠይቃል። አንቺ ለዓመታት የመጀመሪያውን ስትሠሪ ቆይተሻል።

ኢንሳኑል ካሚልን የሙያ ቃል ያደረጉት ሸይኽ ሙህይዲን ኢብን ዐረቢ ናቸው። በ1165 አንዳሉስ፣ ሙርሲያ ከተማ ተወለዱ፤ በ1240 ደማስቆ ሞቱ። ፉሱሱል ሒከም የተባለው መጽሐፋቸው 27 ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ አደም ነው። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ምስሎች አሉ። ሁለቱንም ቀስ ብለሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ።

አንደኛው የዓይን ብሌን ነው። ዐረብኛ ብሌንን «ኢንሳኑል ዐይን» ይላል፣ የዓይኗ ሰው ማለት ነው። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ለማወቅ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተጠግተሽ ተቀመጪና ዓይኑን እዪው። ጥቁሩ ክብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰው ትታይሻለች። ራስሽ ነሽ። ኢብን ዐረቢ ከዚህ ቃል ተነሥተው ሰው ለፈጣሪው እንደ ዓይን ብሌን ነው ይላሉ። አላህ ወደ ፍጥረቱ የሚመለከተውና የሚያዝንለት በእሱ በኩል ነው። ብሌን ደግሞ ምን እንደሆነች አስቢ። ቀዳዳ ናት። ብርሃን የምታሳልፈው ራሷ በምንም ስላልተሞላች ነው።

ሁለተኛው ምስል መስታወት ነው። ዓለም ሲፈጠር እንዳልተወለወለ መስታወት ነበር፤ አደም የዚያ መስታወት ውልወላ ሆነ ይላሉ። በዚያ ዘመን መስታወት ማለት እንደ ዛሬው ብርጭቆ አይምሰልሽ። የተወለወለ ብረት ወይም ነሐስ ነበር። ካልተያዘ ይዝጋል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሱፊዎች «የልብ ዝገት» ሲሉ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የወሰዱት ነገር ነው። እኔ ይህንን ሳነብ የምትመጣብኝ እናቴ ናት። ለበዓል ሲደርስ የነሐሱን ሰሐን በሎሚና በአመድ ታሽ ነበር። ክንዷ እስኪዝል። መጀመሪያ ሰሐኑ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ መሐሉ ላይ አንድ ቦታ ይበራል። ከዚያ ፊቷ ይታያል። በዚያ ሁሉ ድካም መሐል ግን ሰሐኑን ልስበረው ብላ አታውቅም። ዝገቱ ሌላ፣ ሰሐኑ ሌላ ነው። ይህችን ነገር ያዢልኝ፣ ወደ አያትሽ ንግግር ስንመለስ እንፈልጋታለን።

ኢብን ዐረቢ ሰውን ካሚል የሚሉት የአላህን ስሞች ሁሉ ስለሚሰበስብ ነው። ሌላው ፍጥረት አንዳንዱን ስም ያንጸባርቃል። ሰው ግን የጀማሉንም የጀላሉንም ስሞች ማንጸባረቅ ይችላል። ጀማል ሲባል ርኅራኄው፣ ውበቱ፣ ልስላሴው ነው። ጀላል ሲባል ግርማው፣ ኃይሉ፣ ፍትሑ። እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ሁልጊዜ የሚለሰልስ፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚል ሰው ገና ግማሽ ነው። አልሞላም። አንቺ የቡድን መሪነቱን ስትተዪ የተውሽው ነፍሲያን ብቻ ነው ወይስ የጀላሉን ወገንም ጭምር? መልሱን አሁን አትቸኩዪበት።

ከእሳቸው በኋላ ዐብዱል ከሪም አል-ጂሊ በዚሁ ርዕስ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ለጂሊ ይህ ስም በሙላት የሚገባው ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነው፤ ሌላው ከእሳቸው ይካፈላል። እኔ ግን ለሥራዬ ይበልጥ የጠቀሙኝ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስኛ የጻፉት ዐዚዙዲን ነሰፊ ናቸው። ኢንሳኑል ካሚል ማለት አራት ነገር የተሟላለት ነው ይላሉ፦ ጥሩ ንግግር፣ ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ጠባይና ዕውቀት። በቃ። ዝርዝሩ ውስጥ አለመፈለግ የለም፣ አለመቆጨትም የለም። አራቱም የሚያድጉ ነገሮች ናቸው።

ሳልሸሽግ ልንገርሽ፣ ይህ ትምህርት ከሙስሊሙ ዓለም ውስጥም ተቃውሞ ገጥሞታል። የሃይማኖት ሊቁ ኢብን ተይሚያ ኢብን ዐረቢን አጥብቀው ተችተዋል፤ ፈጣሪንና ፍጡርን የሚለየውን ድንበር ያደበዝዛል ብለው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። አንቺ የጠየቅሽኝ የዐቂዳ፣ የእምነት መሠረት፣ ፍርድ ስላልሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ክፍል ውስጥ የማስሎውን ፒራሚድ ሥለው ሳያሳዩሽ አይቀሩም። ፒራሚዱን ማስሎው አልሣለውም። የፍላጎቶችን ደረጃ በ1943 ጽፎ ያወጣው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑን በኋላ የሥራ አመራር ጸሐፊዎች ናቸው ያመጡት። ይህ ተራ ዝርዝር እንዳይመስልሽ። ፒራሚድ ጫፍ አለው። ጫፍ ያለው ነገር ደግሞ «ደርሻለሁ ወይስ አልደረስኩም?» ያሰኛል። አንቺንም ያሰኘሽ እሱ ነው።

አብርሃም ማስሎው በ1908 ብሩክሊን ውስጥ፣ ከሩሲያ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። ራሳቸውን እውን ያደረጉ ሰዎችን መመርመር የጀመረው ከመውደድ ነው። ሁለት የሚያደንቃቸው አስተማሪዎች ነበሩት፤ አንዱ የሥነ ልቦና ምሁሩ ማክስ ቬርትሃይመር፣ ሌላዋ አንትሮፖሎጂስቷ ሩት ቤኔዲክት። እነዚህ ሰዎች ከሌላው በምን ተለዩ ብሎ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ቆይቶ ነው ሁለቱ የሚጋሩት ነገር እንዳለ የገባው። እኔ ይህን ስሰማ ሙሪድ፣ የሱፊ ተማሪ፣ ሸይኹን እያየ የሚማረው ትዝ ይለኛል። መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ሰው ነበር የሚያነበው።

ከዚያ ፍለጋውን አሰፋ። 3000 የኮሌጅ ተማሪዎችን መረመረ። ወዲያው የሚሆነው ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ወደፊት ሊደርሱ ይችላሉ ያላቸው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ደርዘን ቢሆኑ ነው። ይህ ነገር የወጣትነት ሳይሆን የዕድሜ ፍሬ እንደሆነ ጠረጠረ። እንግዲህ በ29 ዓመትሽ «አልደረስኩም» ብለሽ የምታለቅሺ ከሆነ፣ ማስሎው ራሱ በዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው አልጠበቀም።

ደግሞ ያገኛቸው ሰዎች እንከን አልባ አልነበሩም። ይህንን በግልጽ ጽፎታል። ይሰለቻሉ፣ ግትር ናቸው፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ ልባቸው የድንጋይ ያህል ይቀዘቅዛል። ፍጹም ሰው የሚባል የለም፤ በሰው ላለማዘን ከፈለግን መጀመሪያ ስለ ሰው ያለንን ቅዠት እንተው የሚል ነው መልእክቱ። ታዲያ የእሱም ሰው «ሙሉ» እንጂ «ፍጹም» አይደለም። ሥራው ግን ድክመት አለው። ሰዎቹን የመረጠው በራሱ ሚዛን ነው፤ ከታሪክ የወሰዳቸውም እንደ ሊንከንና አንስታይን ያሉ፣ አብዛኞቹ የምዕራቡ ዓለም ሰዎች ናቸው። ደረጃዎቹ በዚያ ቅደም ተከተል ይመጣሉ የሚለውም በምርምር ጠንክሮ አልቆመም። የተራበ ሰው ግጥም ሲገጥም፣ ያጣ ሰው ሲሰጥ ወሎ ላደገ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም።

ካርል ሮጀርስ ላይ ስደርስ ልቤ ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም ድንቹ የእሱ ነው። ሮጀርስ ልጅ እያለ ቤተሰቡ የክረምቱን ድንች ምድር ቤት ውስጥ ያከማች ነበር። ብርሃን የሚገባው ከላይ ባለች ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። ያ ድንች አፈር ሳይነካው፣ ውሃ ሳያገኝ ያቆጠቁጥ ነበር። የሚያወጣው ግን መሬት ላይ እንዳለው አረንጓዴ አይደለም። ነጭ፣ የገረጣ፣ ሰላላ ቡቃያ ነው። ክንድ የሚያህል ይረዝማል፣ ወደዚያች መስኮት እየተንጠራራ። ተክል አይሆንም፣ አይበስልም። ግን መሞከሩን አይተውም። ሮጀርስ በኋላ በአእምሮ ሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ ያያቸውን ሰዎች ሲያስብ ያ ድንች ይታወሰው ነበር። ሰዎቹ የተጣመሙ ይመስላሉ። እሱ ግን ባሉበት ጨለማ ወደ ብርሃን ሲንጠራሩ ነበር የሚያያቸው።

ከዚህ ተነሥቶ የሮጀርስ እምነት ግልጽ ነው። ሰው ውስጥ ወደ ሙላት የሚገፋ ኃይል አለ። የአማካሪው ሥራ መስኮቱን ማስፋት ነው። ይህንንም ሦስት ነገሮች ያደርጉታል፤ ሳይመስሉ ራስን መሆን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ የሌላውን ስሜት ከውስጥ መረዳት። ራሴን እንዳለሁ ስቀበል ነው መለወጥ የምችለው ይላል። እሱ ዘንድ ጥሩ ሕይወት የሚደረስበት ቦታ አይደለም፤ የሚኬድበት አቅጣጫ ነው።

አሁን ሁለት ምስሎች አሉን። መስታወትና ድንች። መስታወቱ ሲወለወል ነው የሚያምረው፣ ዝገቱ ሲነሣ። ድንቹ ሲያድግ ነው የሚያምረው። አያትሽ «ወልውዪ» አሉ፣ መምህርሽ «እደጊ» አለሽ። ጠቡ ይሄ ነው አይደል?

እንግዲህ ቁርኣኑን እንክፈት። ሱረቱ ሸምስ ላይ አላህ በነፍስና እሷን ባስተካከላት ይምላል፤ ከዚያ «ያጠራት በእርግጥ ዳነ» ይላል። «ያጠራት» የሚለው ዐረብኛው «ዘካሃ» ነው። ተዝኪያ የሚለው የሱፊዎች ዋና ቃል የመጣው ከዚህ ሥር ነው። ዘካ የምንከፍለውም ከዚሁ ሥር ነው። ይህ ሥር ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ መጥራት ነው። ሌላው ማደግ። ዐረብ ሰብሉ ሲያምርለት «ዘካ ዘርዑ» ይላል፤ እርሻው አደገ፣ በረከተ ማለቱ ነው። አንድ ቃል ውስጥ መስታወቱም ድንቹም አሉ። ለእኔ ይህን ሳገኝ የተማሪነቴ ትልቁ ቀን ነበር። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ዘካ ስትከፍዪ ከገንዘብሽ ይቀነሳል፤ ግን ስሙ ማደግ ነው። የሚያጭድ፣ አረም የሚነቅል ገበሬ የሚያጠፋ ይመስላል። የሚያሳድግ ነው።

ወደ አያትሽ ንግግር እንመለስ። «ነፍሲያሽን ግደዪ» የሚለው በመንዙማውም በወዳጃውም የኖረ አነጋገር ነው። ብርቱ ነው፣ ደግሞም ይሠራል፣ ሰው ያነቃል። ግን ነፍሲያ ስንል አንቺን ሙሉ በሙሉ ማለታችን አይደለም። ቁርኣን ስለ አንዲት ነፍስ በተለያየ ሁኔታዋ ይናገራል። ሱረቱ ዩሱፍ ላይ በመጥፎ የምታዝ ነፍስ አለች። ሱረቱል ቂያማ ላይ ራሷን የምትወቅስ ነፍስ አለች። ሱረቱል ፈጅር ላይ የረጋች ነፍስ አለች፤ «ወዳጅ ሆነሽ፣ ተወደሽም ወደ ጌታሽ ተመለሺ» ትባላለች። የጦሪቃ፣ የሱፊ መንገድ፣ ሰዎች ይህንን ሰባት ደረጃ አድርገው ያስተምራሉ፣ የመጨረሻዋን «ነፍሱል ካሚላ» ይሏታል። ተመልከቺ፣ ከታች እስከ ላይ «ነፍስ» የሚለው ስም አልጠፋም። የምትሞተው ነፍስ ብትሆን ኖሮ የረጋችው ማን ትሆን ነበር?

ታላቁ የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊ ኢሕያ በተባለው መጽሐፋቸው ይህንን ፊት ለፊት ይናገራሉ። ሪያዳ፣ ነፍስን መግራት፣ ማለት ፍላጎትንና ቁጣን ከሥራቸው ነቅሎ ማጥፋት ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ተሳስተዋል ይላሉ። የመብል ፍላጎት ቢጠፋ ሰው ይሞታል። ቁጣ ቢጠፋ ሰው ራሱን አይከላከልም። የሚፈለገው ወደ ሚዛን መመለስ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ አእምሮን ለአደን በወጣ ፈረሰኛ ይመስሉታል። ፍላጎት ፈረሱ ነው፣ ቁጣ ውሻው። ፈረሱን ካልገራ ይጥለዋል። ፈረሱን ከገደለ ደግሞ አደን የለም፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እህቴ፣ አንቺ ፈረሱን የገደልሽ እየመሰለሽ ሜዳ ላይ ቆመሻል።

አሁን ያለሽበት የማታ ቁጭት ደግሞ ስም አለው። ነፍሱ ለውዋማ ናት፣ ወቃሿ ነፍስ። አላህ ሱረቱል ቂያማን ሲከፍት ምሎባታል፣ የተናቀች አይደለችም። ግን የመሐል ጣቢያ ናት። ሰው እዚያ ቤት ሠርቶ መኖር የለበትም። ወቃሿ ነፍስ ወደ ሥራ ካልመራችሽ ራሷን መብላት ትጀምራለች። ቁጭቱ ላይ ቁጭት፣ ወቀሳው ላይ ወቀሳ። ይህን፣ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ በሚመጡ ብዙ ሰዎች ላይ አይቼዋለሁ፤ በተለይ ጥሩ ቤት ባደጉ፣ ፈሪሃ አላህ ባላቸው ልጆች ላይ።

ሙሓሰባን ታውቂዋለሽ፣ ማታ ማታ ራስን መተሳሰብ። ገዛሊ ይህንን በነጋዴ ይመስሉታል፤ ከሸሪኩ ጋር ሒሳብ እንደሚዘጋ። የመርካቶ ነጋዴ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ኪሳራውን ብቻ ይጽፋል? ትርፉንም ይጽፋል። ዋና ገንዘቡ ምን ላይ እንዳለም ያያል። አንቺ የምትሠሪው ሙሓሰባ ግን ኪሳራ ብቻ የተጻፈበት ደብተር ነው። እንደዚያ ያለ ደብተር የያዘ ነጋዴ በሳምንቱ ሱቁን ይዘጋል።

እስካሁን ሁለቱን ሳቀራርብ ነው የቆየሁት። አንድ ናቸው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሰፊ ልዩነት አላቸው፣ ልዩነቱም ከላይ ጫፉ ላይ ነው። ሮጀርስ ጋ ዳኛው ውስጥሽ ነው፤ የራስሽ ስሜትና ልምድ ይመራሻል። ሱፊው ጋ ውስጥሽ የሚወለወል እንጂ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። ድንቹ የሚያድገው ድንች ለመሆን ነው። መስታወቱ ግን የሚወለወለው የራሱን ፊት ለማሳየት አይደለም። የተወለወለ መስታወት ጥሩነቱ ራሱ አለመታየቱ ነው። ሱፊዎች ፈናእ የሚሉት ይህንን ነው፣ «እኔ» የምትለዋ ነገር በአላህ ፊት ስትጠፋ። ከዚያ በቃእ አለ፣ ተመልሶ በሰው መሐል መኖር። በ910 የሞቱት የባግዳዱ ጁነይድ አጥብቀው የያዙት ይህንን መመለስ ነው። ሰክሮ መቅረት አይደለም፤ ነቅቶ ወደ ገበያው፣ ወደ ቤተሰቡ መምጣት ነው።

ማስሎውም በመጨረሻ ዘመኑ ወደዚህ ግድም ተጠግቶ ነበር፣ ትምህርት ቤት ግን ይህኛውን ማስሎው ብዙም አያስተምሩትም። በ1967 ከባድ የልብ ሕመም መታው። ከዚያ በኋላ የኖራቸውን ቀናት ከሞት በኋላ የተጨመረለት ሕይወት አድርጎ ነበር የሚያያቸው። አበባው፣ ሕፃናቱ፣ መራመዱ፣ ሁሉም ነገር በእጥፍ አምሮ ታየው። በእነዚህ ዓመታት ራስን እውን ማድረግ መጨረሻ አይደለም፣ ከራስ በላይ መሻገር አለ ብሎ ጻፈ። ሰኔ 1970 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶምሶማ ሲሮጥ ሞተ። ያም ሆኖ የእሱ መሻገር የግድ ፈጣሪን አይፈልግም። ለሚያምንም ለማያምንም የሚመጣ የሰው ተሞክሮ ነው። ለአያትሽ ግን መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ጌታ ነው። ይህንን ለማለዘብ ብዬ አልሸፍነውም፤ ብሸፍነው አያትሽንም ማስሎውንም መበደል ይሆንብኛል።

ታዲያ የቱን ልያዝ ላልሽው የኔ ፍርድ ይህ ነው። አቅጣጫሽን ከአያትሽ ውሰጂ፤ እምነትሽ እዚያ ስላለ። ራስሽን የምትይዢበትን እጅ ግን ከሮጀርስ ተማሪ። ምክንያቱም ያላደገ ራስ ለማንም አይሰጥም። ያልያዙትን ነገር «ተውኩት» ማለት አይቻልም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ገና ድምፅዋን ያላወቀች ሴት «እኔነቴን ገደልኩ» ስትል እኔ ብዙ ጊዜ የምሰማው ፍርሃት ነው። ፍርሃት የትሕትናን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ አነጋገሩ ተመሳሳይ ነው። «እኔ ማን ነኝና?» ይላል ሁለቱም።

እንዴት ይለያል ብትዪኝ፣ ለዚህም ገዛሊ መልስ አላቸው። ሰው የራሱን ነውር የሚያውቅባቸውን አራት መንገዶች ያስቀምጣሉ፦ አዋቂ ሸይኽ፣ እውነተኛ ጓደኛ፣ የጠላት ምላስና ከሰው ጋር መዋል። አራቱም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ብቻዬን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩ የሚል የለበትም። ሸይኽ ስትመርጪ ጠንቀቅ በዪ፤ ገንዘብሽን ወይም ፈቃድሽን ሁሉ ጠቅልሎ የሚወስድ ሰው የመስታወት አንጥረኛ አይደለም። በየአዳራሹ ትኬት እየሸጠ «አንቺ ንግሥት ነሽ» የሚልሽ አነቃቂ ተናጋሪም እንደዚያው ነው። ለጊዜው እውነተኛ ጓደኛ ይበቃሻል። ያንን የሥራ ቦታ ስትተዪ አጠገብሽ የነበረች፣ የማታሞካሽሽ አንዲት ሰው ፈልጊ። «ያኔ ፊቴ ላይ ያየሽው ምን ነበር? እፎይታ ወይስ ሽሽት?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷን ሳትከላከዪ ስሚ።

አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ፣ ጉዳይሽን ይነካል። ገዛሊ በ1091፣ ገና 33 ዓመታቸው ሳለ፣ ባግዳድ፣ ኒዛሚያ በተባለው ትምህርት ቤት ውስጥ የዘመኑን ትልቁን የመምህርነት ወንበር ያዙ። 300 ተማሪ ነበራቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ራሳቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ሳይሆን ለስምና ለክብር እንደሆነ ታወቃቸው። ልተወው ይላሉ፣ ጠዋት ይወስናሉ፣ ማታ ይፈርሳል። ስድስት ወር ያህል እንደዚህ ተወዛወዙ። አንድ ቀን ለማስተማር ሲቀመጡ ምላሳቸው ተያዘ። ተማሪዎቹን ላስደስት ብለው ቢታገሉ አንዲት ቃል አልወጣም አለ። ከዚያ ሾርባ እንኳ አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞች ችግሩ ከልብ የመጣ ነው ብለው እጃቸውን ሰጡ። በ1095 ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው የቀረውን ሀብታቸውን በተኑና ወጡ። ደማስቆ፣ የኡመያ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይውሉ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማል። አንቺም «አየህ፣ እሳቸውም ሥልጣን ተዉ» ልትዪኝ ትችያለሽ። ግን በ1106 ገዛሊ ተመልሰው ኒሻፑር ላይ ማስተማር ጀመሩ። ከተማው ሌላ ነው፣ ሥራው ግን ያው ማስተማር። እሳቸው ስለዚህ ሲጽፉ ተመለስኩ አይሉም። ድሮ ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት አስተምር ነበር፤ አሁን ክብር የሚተውበትን አስተምራለሁ ነው ያሉት። ከውጭ የሚያያቸው ተማሪ ምናልባት ልዩነቱ አይታየው ይሆናል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ከአሥር ዓመት በላይ የተወለወሉ ሰው ነበሩ።

ስለዚህ ያ የቡድን መሪነት ቦታ ወይም ሌላ የሚመስለው እንደገና ሲከፈት፣ «ነፍሲያዬ ፈልጎታል ወይስ አልፈለገም?» ብለሽ አትጀምሪ። በእርግጥ ይፈልገዋል፣ ከፈረስ ፍላጎት አይጠፋም። ይልቅ ከሥርሽ የሚሆኑት አራት አምስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስማቸው አስቢ። ከእነሱ ውስጥ ምድር ቤት የተቀመጠ ድንች የመሰለ ማን ነው? አንቺ ብትኖሪ መስኮቱ የሚሰፋለት? እንዲህ ያለ ሰው ከታየሽ ማመልከቻውን ሱብሕን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ከሰገድሽ በኋላ ጻፊው፣ ልብሽ ጸጥ ባለበት ሰዓት። ካልታየሽም ሳትወዳደሪ ቅሪ፣ ያኔ መተውሽ መተው ነው። ጓደኛሽ ያለችሽን ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነሥተን እንቀጥላለን።